የምትመልሱትን ሳቡ፦ ስለ ኮምፓውንድ ቀስት የመሳቢያ ክብደት

(ደሴ ላይ ለቀስት ጀማሪዎችና ለወላጆቻቸው ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከገራዶ፣ ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣ ሰው አለ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶችና አባቶችም አያለሁ። የእናንተ መምጣት በተለይ ደስ ብሎኛል።

የዛሬው ርእስ ጠባብ ነው። ኮምፓውንድ ቀስት የምንለው ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለውን ዘመናዊ ቀስት ነው፤ የመሳቢያ ክብደት ደግሞ አውታሩን ወደ ኋላ ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው፣ በፓውንድ ይለካል። ይህ ክብደት እንዴት ይጨመራል? እንዴትስ ይቀነሳል? ክብደቱን የሚለውጠውን ብሎን ማዞሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ የት ላይ ማቆም እንዳለብን ማወቁ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ባጠፋ ቅር እንዳይላችሁ።

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት አሜሪካ ነው። የአደን ቀስት የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እዚያ በር ከፍቶ የሚገባ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ፓውንድ አለው?» እዚህም ዘመድ ከውጭ ቀስት ያመጣለት ልጅ ሲያገኘኝ ያንኑ ይጠይቀኛል። ጓደኛው 60 ከሳበ እሱ 70 ካልሳበ የተበለጠ ይመስለዋል።

እኔ ደግሞ ሁሌም መልሼ የምጠይቀው ይህን ነው። ስንት ትስባላችሁ ሳይሆን ስንት ትመልሳላችሁ? የተሳበ ቀስት ሳይተኮስ፣ ቀስ ተብሎ፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። መመለስ የማትችሉት ክብደት የእናንተ ክብደት አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ስለ ቀስቱ አሠራር ማውራት አለብኝ።

ኮምፓውንድ ቀስት የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው። የሠራው ሆሌስ ዊልበር አለን የሚባል አሜሪካዊ፣ የሚዙሪ ሰው ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው በፈረንጆቹ 1966 ነበር። መብቱን ያገኘው ደግሞ በ1969 መጨረሻ ነው። የገጠመው ችግር ግልጽ ነበር። በድሮው የእንጨት ቀስት አውታሩን ወደ ኋላ በሳባችሁት ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ዒላማችሁን ይዛችሁ መርጋት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው። አለን በክንፎቹ፣ ማለትም ከላይና ከታች ባሉት የቀስቱ ተጣጣፊ ክፍሎች፣ ጫፍ ላይ መዘውር ገጠመ፤ በኬብልም አያያዛቸው። ዛሬ እነዚህን ካም እንላቸዋለን። ካሙ ማእከሉን ስቶ ስለሚሽከረከር ክብደቱ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይጨምራል፣ መሐል ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይ ይወድቃል።

በቁጥር እንየው። 60 ፓውንድ ማለት 27 ኪሎ ግድም ነው። ቀስቱ መጨረሻ ላይ 80 በመቶውን የሚቀንስ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ስባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ ብቻ ነው። አምስት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ልጁ እዚያ ሲደርስ ፊቱ ይበራል። «ቀላል ነው እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ቀላል ነው። የሚያሳስተውም ይኸው ቅለቱ ነው።

ምክንያቱም ወደ ኋላ ስትስቡ ያለፋችሁት 27 ኪሎ ስትመልሱም መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። ያውም ድንገት ነው የሚመጣው። አውታሩን ጥቂት ወደ ፊት እንደለቀቃችሁት ካሙ ይዞራል፣ ቀስቱም እጃችሁን ወደ ፊት ይነጥቃል። አቅሙ የደረሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጀርባውን አጥብቆ ይዞ፣ ክርኑን ወደ ኋላ እንደሳበ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። አቅሙ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በቅርብ አይቻለሁ። መጀመሪያ አውታሩን የሚስበው ክንድ ክርን ወደ ላይ ይነሳል። ቀጥሎ ቀስቱን የያዘው እጅ ይወድቃል። ትከሻው ወደ ፊት ይጎተታል። አብዛኛው ተኳሽ አውታሩን የሚይዘው በጣቱ ሳይሆን የእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር፣ ቃታ ባለው መልቀቂያ ነው። በዚያች ቅጽበት ጣቱ ቃታው ላይ ካለ ፍላጻው ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቀስት ስትመልሱ ጣታችሁ ከቃታው ኋላ ይሁን። ይህን አሁኑኑ ልምድ አድርጉት።

አዳኝ ቀስቱን ሳይተኩስ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ነው። አጋዘኑ ዛፍ ጀርባ ይገባል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ወይም ከኋላው ሌላ ይቆማል። እኛ ጋ ግን ከአደን የበለጠ ምክንያት አለ። እዚህ የምንለማመድበት ሜዳ አጥር የለውም። ጦሳ ግርጌም ይሁን ወደ ሐይቅ መውጫ ያለው ሜዳ፣ ሰው የሚያልፍበት፣ ከብት የሚግጥበት ነው። ፍየል ያቋርጣል፤ ፍየሏን ተከትሎ እረኛው ይሮጣል። እንጨት የተሸከመች እናት ከታች ብቅ ትላለች። ስባችሁ ዒላማችሁን ይዛችሁ ሳለ ይህ ቢሆን ያላችሁ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፦ መመለስ። 70 ፓውንድ ስቦ መመለስ ያቃተው ልጅ በዚያ ሰዓት ምርጫ የለውም። ወላጆችም ልጃችሁ ቀስት ሲይዝ «ስትተኩስ አሳየኝ» ከማለታችሁ በፊት «ሳትተኩስ መልሰህ አሳየኝ» በሉት።

ታዲያ የራሳችንን ክብደት እንዴት እናውቃለን? ሚዛን ከማምጣታችን በፊት የሚደረግ ፈተና አለ። ዱካ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከፊታችሁ ዒላማ ይኑር፣ ፍላጻም አውታሩ ላይ ይሁን። ቀስቱን በዒላማው ከፍታ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ሳቡ። ለመሳብ ቀስቱን ወደ ሰማይ ማንሳት ካስፈለጋችሁ ከብዷችኋል። ወገባችሁን ካጠማዘዛችሁም ከብዷችኋል። ከሳባችሁ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ርጉ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ይህን የልምምዳችሁ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ፣ ደክሟችሁ ሳለ አድርጉት። የደከመ ትከሻ አይዋሽም።

ደሴ ላይ የብርዱን ነገር አትርሱ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ጠዋት ላይ ሰውነት ሳይሞቅ ከባድ ቀስት መሳብ የትከሻን ጅማት ይጎዳል፤ የትከሻ ጉዳት ደግሞ ወራት ያስቀምጣል። ከሰዓት በኋላ ያለችግር የምትስቡት ክብደት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሊያቅታችሁ ይችላል። ስለዚህ የቀስታችሁን ክብደት ሰውነታችሁን አሙቃችሁ ጠዋት ላይ በምትችሉት ልክ ወስኑ። ሌላው ደግሞ ጃኬት ነው። አውታሩ ወፍራም እጅጌ ከነካ ፍላጻው ይስታል፣ ክንድም ይገረፋል። ጋቢ ለብሶ የሚተኩስ ሰውም አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉት።

«ክብደቱን ከቀነስኩ ምን ይሠራልኛል?» የሚል አለ። ብዙ ይሠራል። ለአጋዘን አደን ዝቅተኛ ክብደት የሚያስቀምጡ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚጠይቁት ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ነው። ይህ ለትልቅ እንስሳ ነው። በዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን ውድድር ደግሞ ኮምፓውንድ ቀስት ከ60 ፓውንድ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ዒላማው 50 ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። የዓለም ምርጦች በ60 ወይም ከዚያ በታች የሚወዳደሩበትን ስፖርት እኛ በ70 የምንጀምርበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ስል ደግሞ ለወጣቶቹ የምሥራች አለኝ። ኮምፓውንድ በኦሎምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2028 ሎስ አንጀለስ ይገባል፤ ወንድና ሴት ተጣምረው በሚወዳደሩበት ዘርፍ።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ።

ይህንን ቀስት ተመልከቱ። መሐል ላይ ያለው ብረት አካሉ ነው። ከላይና ከታች ሁለት ክንፎች አሉት። እያንዳንዱ ክንፍ አካሉን በሚነካበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ብሎን አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አለው፤ የሚዞረውም «አለን ቁልፍ» በሚባል ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ነው። ብሎኑን ወደ ቀኝ፣ ማለትም በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ክንፉ የበለጠ ይወጠራል፣ ክብደቱ ይጨምራል። ወደ ግራ ስታዞሩት ይላላል፣ ይቀንሳል። ዋናው ሕግ የላይኛውና የታችኛው እኩል መዞር ነው።

አንዳንድ ቀስት ላይ ከጎን ትንሽ መቆለፊያ ብሎን አለ። እሱን ሳትፈቱ ትልቁን አትታገሉት። መጀመሪያ መቆለፊያውን አላሉ፣ ሥራውን ጨርሱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አጥብቁ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ብሎኖች እስኪቆሙ ድረስ ቀስ እያልኩ አጠብቃለሁ። ከቆሙ በኋላ አልታገላቸውም። ቀስቱ አሁን በመጨረሻው ክብደቱ ላይ ስለሆነ በዚህ ሁኔታ አልስበውም። ይህን የማደርገው መነሻ ለማግኘት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ከተነሱ ዙር መቁጠር እችላለሁ። ከዚያ በነጭ የጥፍር ቀለም ከብሎኑ ጭንቅላት ወደ ክንፉ የሚያልፍ ቀጭን መስመር እሠራለሁ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ቀለሙ ሲደርቅ ማላላት እጀምራለሁ። ግማሽ ዙር ከላይ፣ ግማሽ ዙር ከታች። እንደገና ግማሽ ከላይ፣ ግማሽ ከታች። ሦስት ዙር ላይኛውን ብቻ አዙሮ ወደ ታችኛው መሄድ አይቻልም። እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ መሐል ላይ ስልክ ከተደወለላችሁ ይጠፋባችኋል።

ሁለቱም ብሎኖች አንድ ሙሉ ዙር ሲዞሩ ክብደቱ በግምት ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይለወጣል። ከቀስት ቀስት ይለያያል። 60 ፓውንድ የሆነ ቀስት ሦስት ሦስት ዙር ቢላላ ከ51 እስከ 54 መሐል ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምለው ነገር ሕይወት ነው፣ በጥሞና ስሙኝ። ብሎኑ የሚላላበት ገደብ አለው። ስንት ዙር እንደሚፈቀድ የቀስቱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። መመሪያው ከጠፋ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ከዚያ ገደብ አትለፉ። ቀስቱ ሳይሳብም ተወጥሮ ነው ያለው፤ ክንፎቹ ሁልጊዜ መላቀቅ ይፈልጋሉ። ብሎኑን የያዘው ጥርስ ሲያንስ ክንፉ ከቦታው ተስፈንጥሮ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ከፊቱ ያለው የእናንተ ፊት ነው።

ዙሩን ከጨረሳችሁ በኋላ በሜትር አረጋግጡ። ክንፉ ከአካሉ ከሚወጣበት ቦታ እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት ከላይ ለኩ፣ ከታችም ለኩ። አብዛኞቹ ቀስቶች ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ለክታችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ ልዩነት ካለ ወዲያው ታያላችሁ።

ክብደቱን ራሱን ለመለካት ልዩ የቀስት ሚዛን አለ፤ ግን አብሽሩ፣ እሱ ግድ አይደለም። ሻንጣ የሚመዘንበት፣ መንጠቆ ያለው ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ይሁን፣ ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዝ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። መንጠቆውን ፍላጻው የሚሰካበት ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ የገመድ ቀለበት ውስጥ አስገቡ። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ከመውረዱ በፊት ያያችሁት ትልቁ ቁጥር የቀስቱ ክብደት ነው። ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ ያንብብ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ መልሱ፤ እንዳያመልጣችሁ። ኪሎውን በ2.2 አባዙ። ሚዛኑ 23.5 ካለ ወደ 52 ፓውንድ ነው።

«እንዳያመልጣችሁ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍላጻ የሌለበት ቀስት ተስቦ አይለቀቅም። ፍላጻው ሲሄድ ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል። ፍላጻ ከሌለ ግን ያ ጉልበት በሙሉ ወደ ክንፎቹ፣ ወደ ካሙና ወደ አውታሩ ይመለሳል። ክንፍ ይሰነጠቃል፣ አውታር ይበጠሳል፣ ሰው ይጎዳል። የእኛ አገር እንግዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቡና እየተፈላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀስት ያይና «እስኪ ልሞክረው» ይላል። እንግዳ ክቡር ነው፤ ቡናውን እስከ ሦስተኛ ድረስ አጠጡት፣ ቀስቱን ግን አትስጡት። የተሻለው ደግሞ ግድግዳ ላይ አለመስቀል ነው፤ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ክብደቱ ከተለወጠ በኋላ ሥራው አላለቀም። የባቲና የአምባሰል አገር ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ አይጠፋችሁም፤ ክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲዞር አንድ ክር ብቻ ነክቶ ዘፈን መጀመር የለም። ቀስትም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ማነጣጠሪያው ነው። ክብደት ከቀነሳችሁ ፍላጻው ይዘገያል፣ በዚያው ርቀትም ዝቅ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ ቅርብ ርቀት ላይ ቆማችሁ እንደገና አስተካክሉ፤ ከዚያ እያራቃችሁ ሂዱ። ዒላማ ከሌላችሁ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አሮጌ ጨርቅና ፌስታል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ የልምምድ ፍላጻ በደንብ ይይዛል። ከጆንያው ጀርባ የአፈር ተዳፋት ይኑር።

ቀጥሎ ፍላጻው ነው። ክብደት የሚጨምር ሰው እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ ፍላጻ የራሱ የመተጣጠፍ ልክ አለው፤ ለ45 ፓውንድ የተመረጠ ለስላሳ ፍላጻ 65 ላይ ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል። ክብደቱም ልክ አለው። በብዙ አምራቾች ዘንድ የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ፓውንድ 5 ግሬን ነው። ግሬን ትንሽ መለኪያ ናት፤ 15ቱ አንድ ግራም አይሞሉም። ለ60 ፓውንድ ቢያንስ 300 ግሬን፣ ማለትም 19 ግራም ተኩል ግድም ያስፈልጋል። ከዚያ የቀለለ ፍላጻ ባዶ ቀስት እንደመልቀቅ ሆኖ ቀስቱን ሊጎዳ ይችላል። የወርቅ ቤት ሚዛን ይመዝንላችኋል፤ ጠይቁ። ከመተኮሳችሁ በፊት ደግሞ የካርቦን ፍላጻውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በትንሹ እጠፉት፣ ጆሯችሁን አቅርቡ። የመሰንጠቅ ድምፅ ካለው አትተኩሱት። የተሰነጠቀ ካርቦን የሚበተነው ቀስት የያዘው እጅ ላይ ነው።

ኮምቦልቻና ባቲ የምትኖሩ ደግሞ ቀስቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሙቀት አውታሩን ያረዝመዋል፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይዛባል።

ስለ አደን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ቀስት የተሠራው ለአደን ነው። ወሎ ላይ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው የዱር እንስሳ ማደን አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። ቦረና ሳይንት ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች አንዱ ነው። አዋቂዎቹ በጠቅላላው 500 ያህል ቢሆኑ ነው። ጭላዳውም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ቀስት ስለያዝኩ አንድም ድኩላ የኔ ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር አንስማማም። እኛ የምንተኩሰው ጆንያ ነው። ቀስት ከውጭ ልታስመጡ ያሰባችሁም ዘመዳችሁ ሻንጣው ውስጥ ከመክተቱ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

ሰዓቱ ሄደ፤ ጥያቄዎቹን ልመልስ።

ከኋላ የተቀመጡት አባት «ይህን ለመሥራት ትልቅ መጭመቂያ ማሽን ይፈልጋል ይላሉ» ብለዋል። አባባ፣ ክብደት ለመለወጥ ብቻ አያስፈልግም። ማሽኑ የሚያስፈልገው አውታርና ኬብል ለመቀየር ነው። ያንን ደግሞ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ወንድሜ ያነሳው ጥያቄ ከባድ ነው። የእሱ ቀስት ከ60 እስከ 70 ብቻ ነው የሚሄደው፤ 60ንም መመለስ አቅቶታል። እውነቱን ልንገርህ፤ ይህ ቀስት ለጊዜው ያንተ አይደለም። ብሎኑን ከገደቡ በላይ አላልቼ 50 ላደርሰው ብለህ እንዳታስብ። ለአንዳንድ ሞዴል ቀለል ያለ ክንፍ ይሸጣል፤ ካገኘህ እሱን አስገጥም። ካላገኘህ አስቀምጠው፣ በቀላል ቀስት ተለማመድ። ጉልበትህ ሲደርስ ትመለስበታለህ።

የመጨረሻው ጥያቄ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያላት እናት ያቀረበችው ነው። እህቴ፣ ለልጆች የሚሆን ክልሉ ሰፊ የሆነ ቀስት አለ፤ ከ5 ፓውንድ ጀምሮ እስከ 70 የሚሄድ። አብራት ታድጋለች። በ15 ጀምሩ፤ ከከበዳት ወደ 10 ዝቅ አድርጉላት። ቀስቱ የሚሳብበትን ርዝመት ከክንዷ ጋር ማስተካከል ግን በእነዚህ ብሎኖች አይቻልም፤ እሱ ካሙ ላይ ለብቻው የሚስተካከል ነው፣ ቀድሞም መደረግ ያለበት እሱ ነው። ክብደት ስትጨምሩላት ከግማሽ ዙር አትለፉ፤ ተቀምጣ ስባ፣ ረግታ፣ ቀስ ብላ ከመለሰችው ብቻ ሌላ ግማሽ።

ሚዛኑ፣ ሜትሩና መፍቻው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ቀስት ይዛችሁ የመጣችሁ ተራ ያዙ። ፍላጻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።